እናት ሳትጠየቅ ሕፃን ሲመረመር

ሕፃን በተወለደ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ጥቁር፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ዓይነ ምድር ይወጣዋል። እናቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። ከዘገየ ይጨነቃሉ፤ ሲወጣው ደግሞ «አልሐምዱሊላህ፣ ሆዱ ተከፈተ» ብለው ጨርቁን ያጥቡና ነገሩ ይረሳል። ሐኪሞች ሜኮኒየም የሚሉት ይኸው ነው። በጽንሱ አንጀት ውስጥ መጠራቀም የሚጀምረው ከእርግዝናው አራተኛ ወር አካባቢ ጀምሮ ሲሆን፣ ጽንሱ ከሚውጠው የሽርት ውኃ፣ ከሐሞትና ከረገፉ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እናቲቱ የወሰደችው መድኃኒትም ሆነ ዕፅ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱ ዘንድ ከደረሰ፣ ዱካው በዚህ ጥቁር ነገር ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ሽንት የሚናገረው ያለፉትን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ይህ ግን የእርግዝናውን የመጨረሻ አራትና አምስት ወራት ያህል ይናገራል።

እንግዲህ እናቶቻችን አጥበው የሚረሱትን ይህንን ጨርቅ፣ በአሜሪካ በብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ አጥብቀው የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ከጨርቁ ላይ እየጠረጉ በብልቃጥ ወደ ላቦራቶሪ ይልኩታል፤ አንዳንዶችም በእሱ ፈንታ የእትብቱን ቁራጭ ይልካሉ። የሚፈልጉት ኮኬይንን፣ ሞርፊንና ሄሮይንን የመሳሰሉትን፣ አምፌታሚንን፣ ማሪዋናን ነው። ውጤቱ ሕፃኑን ለማከም ይረዳል ተብሎ የሚደረግ ነው፤ በእርግጥም የሚረዳበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ በብዙ ስፍራ ወረቀቱ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ የሕፃናት ጉዳይን ወደሚከታተል መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም አልፎ እናትንና ልጅን እስከ መለያየት ይደርሳል።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ሐኪም አይደለንም። ልጅነታችንን በመደረሳ ሉሕ ይዘን ያሳለፍን፣ ዛሬ ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ባዮሎጂ የምናስተምር መምህር ነን። ስለዚህ ጉዳይ መጠየቅና ማንበብ የጀመርነው በአክስታችን ልጅ ላይ ከደረሰው ነገር በኋላ ነው።

ይህች እህታችን በትዳር ወደ አሜሪካ የሄደች ናት። የወለደችበትን ሆስፒታልም ሆነ ከተማውን መጥቀስ አያስፈልገንም። ካረገዘች በኋላ የጤና መድኅን ወረቀቷ ቶሎ ሳያልቅላት ቀርቶ የእርግዝና ክትትል የጀመረችው በሰባተኛ ወሯ ነበር። ያን ጊዜም የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ላቤታሎል የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት። ይህ ለነፍሰ ጡሮች በሰፊው የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። ምጥ ይዟት ስትገባ ሽንት ስጪ ተባለች፤ ሰጠች። ለምን እንደሆነ የነገራት አልነበረም። እሷም ሽንት በየሐኪም ቤቱ የሚሰጥ ነገር ነውና ብላ አልጠየቀችም። ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች።

በማግስቱ አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ገባችና በስልክ በሚያስተረጉም ሰው አማካይነት «አምፌታሚን መውሰድ ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለቻት። ልብ በሉ፤ «ወስደሻል ወይ?» አላለቻትም። እህታችን የቃሉን ትርጉም አታውቅም። አስተርጓሚው «አነቃቂ ዕፅ ማለት ነው» ሲላት ወደ አእምሮዋ የመጣው ጫት ነበርና «ኧረ እኔ ጫት በአፌ ዞሮ አያውቅም!» አለች። ያላሰቡትን ነገር ስለነገረቻቸው ይህም ቃሏ ተጻፈ። ከዚያ የልጁ ጨርቅ መሰብሰብ ተጀመረ። እሷ በሦስተኛው ቀን ስትሰናበት ልጁ ውጤቱ እስኪመጣ እዚያው ይቆይ ተባለ። ጡቷ ሞልቶ፣ ወተቱ ልብሷን እያራሰው፣ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ገባች። ለእንኳን ማርያም ማረችሽ የሚመጣ ጎረቤት በሌለበት አገር፣ «እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ» ሊሏት የመጡት ሁለት የአገሯ ልጆች አልጋው ላይ ሕፃን ሲያጡ የሚሉትን አጥተው ቁጭ ብለው ሄዱ። ማታ ደውላ «ወንድሜ፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለኝ» አለችን። በስድስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ልጁ ላይ የተገኘ ምንም ነገር አልነበረም።

ነገሩ ግን በስድስተኛው ቀን አላለቀም። አገር ቤት ያሉት አማቷ የሰሙት ወሬውን በከፊል ነበርና «ልጁን የያዙባት ጫት ተገኝቶባት ነው አሉ» የሚለው ነገር በሠፈሩ ተዳርሷል። አክስታችን ከዚያ ወዲህ በየዝየራውና በየለቅሶው ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ሲያስረዱ ከረሙ። ሰው አዳምጧቸው ሲያበቃ «ይሁና፣ ያለ ነገር አይዙም» ይላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ተስተካክሏል፤ የሰው አፍ ግን እስካሁን አልተስተካከለም።

ምርመራው እንዴት እንዲህ አለ? የምርመራው አሠራር ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ፈጣንና ርካሽ ሲሆን፣ የሚፈልገውን ነገር ለይቶ የሚያውቀው በቅርጹ ነው። ሰውን ከሩቅ በካፖርቱ እንደሚለይ ዘበኛ ልንመስለው እንችላለን፤ ተመሳሳይ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ይያዛል። ላቤታሎል በሰውነት ውስጥ ሲብላላ የሚተወው ነገር በዚህ ዘበኛ ዓይን አምፌታሚን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ሕፃናት የሚታጠቡባቸው አንዳንድ ሳሙናዎች ጠብታ ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ምርመራው ማሪዋና አለ እንደሚል አሳይቷል። ሁለተኛው ደረጃ ግን ካፖርቱን አስወልቆ ፊት የሚያይ ነው፤ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በክብደቱ ለይቶ ያውቃል። ውድ ነው፣ ቀናትም ይወስዳል። የሰው ቤት የሚናጋው እንግዲህ በአንደኛውና በሁለተኛው ምርመራ መካከል ባሉት ቀናት ነው።

ሁለተኛው ምርመራም ቢሆን ሁሉን አያውቅም። ፈረንጆች ዳቦና ኬክ ላይ የሚነሰንሱት የፖፒ ፍሬ በውስጡ እውነተኛ የሞርፊን ርዝራዥ አለው፤ ስለዚህ ዳቦ የበላችው ሴት ሽንት ውስጥ የሚገኘው ሞርፊን የውሸት ሞርፊን አይደለም። ለምጥ ማስታገሻ ሆስፒታሉ ራሱ የሚሰጠው መድኃኒትም ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። ማሽኑ «ይህ ነገር እዚህ አለ» ይላል እንጂ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደተወሰደ፣ ይህች ሴት ልጅ ለማሳደግ ትብቃ አትብቃ አይናገርም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የማይፈለገው ነገር ነው። ጽንስን በመጉዳት ከሁሉ ይልቅ የተረጋገጠበት ነገር የአልኮል መጠጥ ሲሆን፣ የሚያስከትለው ጉዳት በአሜሪካ ሐኪሞች ስም ከተሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሚገባ ይታወቃል። ይሁን እንጂ መጠጥ በሕግ የተፈቀደ ስለሆነ በተለመደው የምርመራ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገባም።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ክራክ የሚባለው የሚጨስ ኮኬይን በአሜሪካ ከተሞች በድሆች ሠፈር ተስፋፋ። በዲትሮይት ዶክተር ኤንሪኬ ኦስትሬያና ባልደረቦቻቸው የሕፃናትን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር የመመርመርን ዘዴ አዳበሩና እ.ኤ.አ. በ1992 የ3,010 አራስ ሕፃናትን ውጤት አሳተሙ። ዕፅ መውሰዳቸውን በአፋቸው ያመኑት እናቶች 11 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በምርመራው የተገኘው 44 በመቶ ነበር። ይህን አኃዝ የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ «እናቶች ይዋሻሉ፤ ስለዚህ መጠየቁ ይቅርና እንመርምር» ማለት ነው። ሌላው «እናቶች እውነቱን ለመናገር የሚፈሩት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አገሩ በአመዛኙ የመጀመሪያውን መረጠ።

የሚፈሩት ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ ካሮላይና ቻርለስተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሕክምና ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ሳይነግራቸው ለኮኬይን ይመረምር ነበር። ተመርማሪዎቹ ከሚመረጡባቸው ምልክቶች አንዱ የእርግዝና ክትትል አለማድረግ ወይም አዘግይቶ መጀመር ነው፤ የእኛም እህት የተያዘችው በዚሁ ዓይነት ምልክት ሳይሆን አይቀርም። 30 ሴቶች ታሰሩ፤ አንዳንዶቹ ከወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ከሆስፒታል ተወስደዋል። ከ30ዎቹ 29ኙ ጥቁሮች ነበሩ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1994 ቆመ። ሴቶቹም ተካሰው ጉዳያቸው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 ዳኞቹ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሆስፒታል ታካሚዋን ሳታውቅ መርምሮ ማስረጃውን ለፖሊስ ማስተላለፉ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብለው ወሰኑ።

የ29ኙን ነገር እንዲሁ በዋዛ አንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1990 በፍሎሪዳ ፒኔላስ አውራጃ የተደረገ የ715 ነፍሰ ጡሮች ምርመራ ታትሞ ወጥቶ ነበር። ዕፅ የተገኘባቸው ከነጮቹ 15.4 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 14.1 በመቶ ናቸው፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጥቁሮቹ ለባለ ሥልጣን ሪፖርት የተደረጉት ከነጮቹ አሥር እጥፍ ያህል በሆነ መጠን ነው። ማሽኑ ቀለም አይለይም፤ ማን ይመርመር፣ ማን ሪፖርት ይደረግ የሚለውን የሚወስነው ግን ሰው ነው።

በዚያ ዘመን ለእነዚህ ሕፃናት የወጣላቸው ስም ነበር፤ «የክራክ ሕፃናት» ይባሉ ነበር። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ አእምሯቸው የተበላሸ፣ ሊማሩ የማይችሉ፣ አገሪቱን ሸክም የሚያሸክሙ ትውልድ ናቸው ብሎ አወራ። መምህራንም ገና ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይደርሱ በፍርሃት ይጠብቋቸው ጀመር። እኛን እንደ መምህር ከሁሉ ይልቅ የነካን ይህ ነው።

በፊላደልፊያ የአይንስታይን ሕክምና ማዕከል የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሃላም ኸርት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ 224 ሕፃናትን መዝግበው መከታተል ጀመሩ። ግማሾቹ በማሕፀን ሳሉ ኮኬይን የደረሳቸው ሲሆኑ ግማሾቹ ያልደረሳቸው ነበሩ፤ ሁሉም ግን ከአንድ ዓይነት ድሃ ሠፈር የተገኙ ናቸው። በአራት ዓመታቸው የአእምሮ ብቃት ፈተና ሲሰጣቸው ኮኬይን የደረሳቸው አማካይ ውጤት 79፣ ያልደረሳቸው 81.9 ሆነ። ሐኪሟ ይፈልጉት የነበረው ልዩነት የለም ማለት ነው። ይልቁንም ሁለቱም ወገኖች ከአገሪቱ ልጆች መደበኛ ውጤት እጅግ ዝቅ ያሉ ሆኑ። ታዲያ ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ ዝቅ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ልጆቹ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ተጠየቁ። 81 በመቶው ሰው ሲታሰር አይተዋል፤ 74 በመቶው የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፤ 35 በመቶው ሰው በጥይት ሲመታ አይተዋል፤ 19 በመቶው ደጅ ላይ የወደቀ ሬሳ አይተዋል። ክትትሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጠቃለል የተገኘው ነገር ድህነት ከኮኬይኑ የበለጠ እንደጎዳቸው ነው። ይህ ማለት ኮኬይን ለጽንስ ምንም አይለውም ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሕፃን ያለ ጊዜው እንዲወለድ፣ ክብደቱም እንዲያንስ ያደርጋል። ነገር ግን በጨርቅ ላይ የተገኘ ዱካ የአንድን ልጅ ዕድሜ ሙሉ ዕጣ አይናገርም።

በየትምህርት ቤቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ የምንቀመጥ ሁሉ ይህ ነገር በአገራችንም መልኩን ለውጦ እንዳለ እናውቃለን። ልጁ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል ሲዛወር ከካርዱ ጋር «የሰካራሙ ልጅ»፣ «እናቱ ዐረብ አገር ሄዳ የጣለችው» የሚል ያልተጻፈ ወረቀት አብሮት ይዛወራል። አዲሱ መምህር ልጁን ሳያየው ያውቀዋል። ልጁም መምህሩ እንደሚያውቀው ያውቃል። እኛ እስካሁን በዚህ መንገድ የተሻሻለ ተማሪ አላየንም።

ማሽንን አምኖ እናትን አለማመን ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ካናዳ ውስጥ ታይቷል። በቶሮንቶ በአንድ ትልቅ የሕፃናት ሆስፒታል ሥር የነበረ ማዘርሪስክ የተባለ ላቦራቶሪ የእናቶችንና የልጆችን ፀጉር እየመረመረ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ዳኛ ሱዛን ላንግ ባቀረቡት ሪፖርት፣ ከ2005 እስከ 2015 የተደረገው የፀጉር ምርመራ በልጅ ጥበቃና በወንጀል ጉዳይ ሊታመን የማይችል እንደነበር ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመ ኮሚሽን 1,271 መዝገቦችን አገላብጦ፣ በ56ቱ ምርመራው በውሳኔው ላይ ከፍተኛ ጫና ማድረጉን አገኘ። ልጆቹ ግን ብዙዎቹ በጉዲፈቻ ተሰጥተው ሌላ እናት ለምደዋል።

በመደረሳ ሳለን ኡስታዛችን ደጋግመው ይነግሩን የነበረ የሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ አለ፤ ስለዚህ ጉዳይ ባነበብን ቁጥር ትዝ ይለናል። በዘመናቸው ለልጆች ከበይተል ማል ድጎማ ይሰጥ ነበር፤ የሚሰጠው ግን ጡት ለጣለ ልጅ ነበር። አንድ ሌሊት ከከተማው ዳር ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ሄደው እናቱን ልጅሽን አባብዪው አሏት። ተመልሰው ሰሙት፤ አሁንም ሄዱ። በሦስተኛው እናቲቱ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ ተማርራ፣ ዑመር ድጎማ የሚሰጡት ጡት ለጣለ ልጅ በመሆኑ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ነገረቻቸው። ልጁ ገና የወራት ልጅ ነበር። በዚያን ዕለት የሱብሒ ሶላት ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሣ ሰዎች ቅርኣታቸውን መለየት ተቸገሩ ይባላል። ካሰገዱ በኋላም ድጎማው ከተወለደ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ሕፃን እንዲሆን ወዲያውኑ አስነገሩ።

ሕጉ የወጣው ለልጆች ታስቦ ነው፤ ያስለቀሰውም ልጅን ነው። ኡስታዛችን እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «ዑመር ሴትየዋን ቀጧትን?» ብለው ይጠይቁን ነበር። አልቀጧትም። እንድትዋሽ ወይም ልጇን እንድታስርብ ያደረጋት ደንቡ መሆኑን ተረዱና ደንቡን ለወጡ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራትም ለረዥም ጊዜ የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ምርመራ ወደ እስራትና ወደ ልጅ መነጠቅ የሚያመራ ከሆነ ነፍሰ ጡሯ የምትሸሸው ዕፁን ሳይሆን ሐኪሙን ነው። ክትትል ሳታደርግ ቆይታ በምጥ ጊዜ ብቻ ትመጣለች። ያን ጊዜ ደግሞ ክትትል አለማድረጓ ራሱ የምትመረመርበት ምክንያት ይሆናል።

ምርመራን ከነጭራሹ የምንቃወም እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። እናቱ በእርግዝናዋ ወቅት ሄሮይን ወይም የመሳሰለውን ትወስድ የነበረች ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያለማቋረጥ ያለቅሳል፣ መጥባት ይሳነዋል፤ የለመደው ነገር ተቋርጦበታልና። ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕፃን በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የአያያዝ ዘዴ አለ፤ ልጁ በደንብ ይጠባል ወይ? ይተኛል ወይ? ሲያባብሉት ዝም ይላል ወይ? ተብሎ ይታያል፤ መድኃኒት ከመስጠት በፊት እቅፍና ጸጥ ያለ ክፍል ይቀድማል። በቀድሞው አያያዝ ሕፃናቱ ለመውጣት 14.9 ቀን ያህል ሲፈጅባቸው፣ በዚህኛው 8.2 ቀን ሆነ። ከሁሉ የሚሻለው አቃፊ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ራሷ ናት። የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ሆስፒታሎችም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ነፍሰ ጡሮችን ለዕፅ ከመመርመር በፊት በጽሑፍ ፈቃዳቸውን እንደሚጠይቁ አስታውቀዋል። መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እህታችን «ጫት በአፌ ዞሮ አያውቅም» ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጫት በአሜሪካ ክልክል ነው፤ በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1993 በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች መደብ ውስጥ ገብቷል። እንግሊዝም በ2014 ከልክላዋለች። በአገራችን ግን ከገበያ የሚገዛ፣ ለውጭ የሚላክ፣ በወሎም በሐረርም በጅማም ከዱዓ መቀመጫ እስከ ሠርግ ቤት የሚዘረጋ ነው። ሐላል ነው ሐራም ነው የሚለውን ክርክር ለዑለሞቻችን እንተዋለን፤ ብዙ ተብሎበታል፣ ገናም ይባልበታል። እኛ የምንለው ስለ ነፍሰ ጡሯ ነው።

ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቀን በርጫ ላይ የዋለች ነፍሰ ጡር ምሳዋን አትበላም፣ እራቷንም በግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በየመን የተደረገ ጥናት ታትሞ እንዳሳየው፣ የሚቅሙ እናቶች ልጆች ጊዜያቸውን ጨርሰው የተወለዱት እንኳ ከማይቅሙት ልጆች ይልቅ ክብደታቸው ያነሰ ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናትም ከጫት የሚመጣው ንጥረ ነገር በሚያጠቡ እናቶች ወተት ውስጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። ስለዚህ «ለወተት ይረዳል»፣ «ለድካም ነው» የሚባለውን ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።

በዚያ ማዶ እናቲቱ ሳትጠየቅ ጨርቁ ይመረመራል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ጨርቁም አይመረመርም፣ እናቲቱም አትጠየቅም። ባል ያውቃል፣ አማት ታውቃለች፣ አብረዋት የሚቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ፤ ስለ ልጁ የሚጠየቀው ሐኪም ብቻ አያውቅም።

በአንድ የወሎ ከተማ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ የተማሪያችን እናት የሆነች አዋላጅ ነርስ አለች። እንዴት እንደምትጠይቅ ነግራናለች። መጀመሪያ አብራት የመጣችውን አማት ወይም ባል «እስቲ ካርድ ክፍል ይህን ወረቀት አድርሱልኝ» ብላ ከክፍሉ ታስወጣለች። «ትቅሚያለሽ ወይ?» ብላ አትጠይቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ በአላህ!» ነው። «ከዱዓው ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጥሽው መቼ ነው?» ትላለች። ያን ጊዜ «ጁምዓ ዕለት» ይላሉ፤ «ሲስተር፣ ትንሽ ቀንጠብ አድርጌ ነው» ይላሉ፤ አንዳንዷም ታለቅሳለች። ሲስተር አትቆጣም። ምሳ ሳትበላ እንዳትቀመጥ፣ ከቻለች እስክትወልድ እንድትተው ትነግራታለች፣ ክብደቷን ትመዝናለች፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ ትላታለች። አብዛኞቹ ይመለሳሉ ትለናለች።

የነገሯትን ግን በካርዱ ላይ አትጽፈውም። ካርዱ ቤት ገብቶ በማን እጅ እንደሚውል ታውቃለች። ታዲያ በምጧ ቀን የምታዋልዳት ሌላ ነርስ ብትሆን በምን ታውቃለች? ብለን ጠየቅናት። «እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው» አለችን። ለጊዜው ከባልደረቦቿ ጋር የተስማሙበት ዘዴ አለ፤ በጤና ጣቢያው ያሉት አዋላጆች አራት ሲሆኑ፣ በካርዱ ላይ አንድ ቦታ ትንሽ ነጥብ ያደርጋሉ፤ ትርጉሙን ከአራቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ነጥቡ የት ቦታ እንደሚደረግ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።